የጎን ታሪኮች ደራሲ ወ/ሪት ፌኔት ቃልቤሳ በእውነት አርፈዋል

ከአቃቂ ባቡር ሠፈር የልብ ወለድ ጸሐፍትና አንባቢያን ማኅበር ለአባላት፣ ለአንባቢያንና ለመላው ኅብረተሰብ የተሰጠ ሁለተኛ መግለጫ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

«የጭጋግ ኬላ» የተሰኘው ተከታታይ ምናባዊ ልብ ወለድ አጃቢ መጻሕፍትና የጎን ታሪኮች ደራሲ፣ የማኅበራችን መሥራች አባል የነበሩት ወ/ሪት ፌኔት ቃልቤሳ ድንገት በጠናባቸው የአስም ሕመም ወደ ሆስፒታል ተወስደው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ እሑድ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ የተሰማው ሀዘን መሪር ነው።

ይህንኑ ትናንት ሰኞ ጠዋት በቴሌግራም ገጻችንና በማስታወቂያ ሰሌዳችን ገልጸን ነበር። የሚያምነን ግን አላገኘንም። ከመግለጫው ሥር የተጻፉልን አስተያየቶች «መቼ ነው የሚወጣው?»፣ «ሽፋኑን አሳዩን እንጂ»፣ «አሪፍ ነው፣ ግን ደራሲዋን ራሷን መግደል ትንሽ በዛ» የሚሉ ናቸው። በቃሊቲ መናኸሪያ መጽሐፍ የሚያዞሩ አንድ ደንበኛችን ደውለው፣ እንዳለፈው ጊዜ ሳያልቅባቸው ቀደም ብሎ እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል። የሚያዝ መጽሐፍ የለም። ወ/ሪት ፌኔት ሞተዋል።

አንባቢያን ለምን እንዳላመኑን እናውቃለን፤ ከዚህ በታች በዝርዝር የምናስረዳውም ለዚሁ ነው። የሁሉንም ጥርጣሬ ለማጥራት ጊዜ ቢኖረን ደስ ባለን። አሁን ግን ከሁሉ በፊት ሊያምኑ የሚገባቸው አንድ ሰው አሉ፤ እርሳቸውም የዋናዎቹ መጻሕፍት ደራሲ፣ በአሁኑ ጊዜ በድሬዳዋ የሚገኙት አቶ ቀናው ወልደገብርኤል ናቸው። የወ/ሪት ፌኔት እናት ወ/ሮ ዙፋን፣ አቶ ቀናው ሳይደርሱ ልጃቸው እንዳትቀበር ስላሉ፣ ትናንት ሊፈጸም የነበረው ሥርዓተ ቀብር ወደ ሐሙስ ተላልፏል። ዓርብ የቅዱስ ሚካኤል ክብረ በዓል በመሆኑ፣ አስከሬኑም በሆስፒታል ከዚያ በላይ እንዲቆይ ስላልተፈቀደ፣ ከሐሙስ ወዲያ የሚጨመር ቀን የለም። አቶ ቀናው ነገ ረቡዕ ጠዋት ከድሬዳዋ በሚነሣው አውቶቡስ ካልተሳፈሩ አይደርሱም።

ወ/ሪት ፌኔት ከአባታቸው ከአቶ ቃልቤሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዙፋን በ1986 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት መንደር ያኔ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረ ሲሆን ዛሬ የገላን ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ቆመውበታል። አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተው በእናታቸው እጅ አድገዋል። ከአቶ ቀናው ጋር የተዋወቁት በአቃቂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ዴስክ ሲቀመጡ ነው። አቶ ቀናው የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው በሕይወት አልነበሩም፤ አባታቸውም በሥራ ምክንያት ከቤት ስለሚርቁ ምሳቸውን የሚበሉት ወ/ሮ ዙፋን ዘንድ ነበር። ሁለቱ ልጆች የኬላውን ዓለም የፈጠሩት ከዚያ ገበታ ተነሥተው ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ እንደሆነ በየመድረኩ ተናግረዋል፤ ማን ምኑን እንደፈጠረ ግን አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም።

በ2005 ዓ.ም. ወ/ሪት ፌኔት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሰው ኃይል ክፍል ተቀጠሩ። ከሥራቸው አንዱ ሠራተኛ ሲሞት በፋብሪካው በር ላይ የሚለጠፈውን የሀዘን ማስታወቂያ መጻፍ ነበር። በክፍሉ ኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ስሙን፣ የሥራ ክፍሉንና ቀኑን ቀይሮ ማተም ብቻ ነው። ወ/ሪት ፌኔት ይህን ሥራ ስለ መጻፍ ያስተማራቸው ትምህርት ቤት ይሉት ነበር። በማኅበራችን የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ እንዲህ ብለዋል፦ «ሽመና ክፍል ያረጀውም ትናንት የተቀጠረውም እኩል ታታሪና ምስጉን ይባላል። እኔው ነኝ የምጽፈው፣ እጄ ለምዶታል። ሰውየው የሚያስቀው ምን ነበር? ማንን ነበር የሚፈራው? ይሄን ማን ይጻፈው?» ፋብሪካው ማስታወቂያውን እንዲያስረዝሙ አልፈቀደላቸውም። እርሳቸውም በሌላ በኩል አስረዘሙት።

በ2010 ዓ.ም. አቶ ቀናው የ«የጭጋግ ኬላ»ን የመጀመሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ቀጭን፣ በኪስ የሚያዝ፣ በየምዕራፉ ሥዕል ያለበት ነው። በዚያ ዓለም ጭጋግ በሸፈነው ተራራ ላይ አንድ ኬላ አለ፤ በኬላው የሚያልፍ ተጓዥ ሁሉ በቀረጥ መልክ አንድ ትዝታ ትቶ ይሄዳል። መጽሐፉ ከቃሊቲ በሚነሡት ሚኒባሶችና በቀላል ባቡሩ ላይ እየተነበበ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በአጭር ጊዜ ታወቀ። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ድንቡል የተባለ የበቅሎ ነጂ ይሞታል፤ ስለ ሞቱ የተጻፈው «ድንቡልም በዚያው ቀረ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ወ/ሪት ፌኔት መጽሐፉን እንደጨረሱ አቶ ቀናውን «የት ነው የቀረው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ቀናውም «እኔ ምን አውቄ፣ ታሪኩ አልፎ ሄዷል» አሉ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው «ድንቡል የት ቀረ» የተሰኘው የመጀመሪያው አጃቢ መጽሐፍ ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው የኬላው ጽሕፈት ቤት ስለ ድንቡል ሞት ባወጣው የሀዘን መግለጫ ነው። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚም በደስታ ብዛት ይህንኑ መግለጫ በማኅበሩ ወረቀት ላይ አትሞ፣ ማኅተሙን አሳርፎበት፣ በአቃቂ መንገድ ዳር ባሉ የመብራት ምሰሶዎች ላይ ለጠፈው። ማስታወቂያ መሆኑን የሚገልጽ ቃል አልነበረበትም። የሠፈሩ እድር ጡሩንባ ነፊ አነበቡትና፣ ሟቹ በቅሎ ነጂ ነው ስለሚል ከጋሪ ነጂዎቹ አንዱ መሆን አለበት ብለው ጎህ ሲቀድ ጡሩንባቸውን ነፉ። እድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ይዞ፣ እናቶችም ንፍሮ ቀቅለው ማኅበሩ በተከራያት ክፍል ደጃፍ ደረሱ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሰይፈሥላሴ ነገሩን ሲረዱ «እንግዲህ ሞተም አልሞተም ንፍሮው ተቀቅሏል። ተቀመጡ» አሉ። ወ/ሪት ፌኔትም በኀፍረት እየተርበተበቱ ለለቅሶ ለመጡት ሽማግሌዎች የድንቡልን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩላቸው። ያለቀሱ ነበሩ።

እድሩ በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልን። ተገቢ ነበር። አንባቢያን ግን ነገሩን ወደዱት፣ ማኅበሩም አልተወውም። ከዚያ ወዲህ በዋናው መጽሐፍ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር ማኅበሩ በስሙና በማኅተሙ የሀዘን መግለጫ ማውጣት ደንቡ ሆነ። አንባቢያን ጥቁር ለብሰው ይመጣሉ፣ ንፍሮ ይዘገናል፣ አጃቢው መጽሐፍ ይመረቃል። በምሰሶ ላይ መለጠፉ ብቻ ቀረ።

በ2012 ዓ.ም. ስለ ኬላው ወጥ ቤት ሴት የሚያወሳው «የእሜት ጥላዬ ድስቶች» ወጣ። በዋናው መጽሐፍ ላይ እሜት ጥላዬ በሁለት ቦታ ብቻ «እራት ቀረበ» በሚል ቃል ውስጥ ያሉ፣ ስም እንኳ ያልነበራቸው ናቸው። ስም የሰጧቸው ወ/ሪት ፌኔት ናቸው። በዚያው ዓመት በኮሮና ምክንያት መሰብሰብ ሲከለከል፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ አጭር የጎን ታሪክ በድምፃቸው እየቀዱ በቴሌግራም ለቀዋል። ከፋብሪካ ሥራ የተቀነሱ ብዙ አባላት ያን ጊዜ ያለፉት ቅዳሜን እየጠበቁ እንደነበር ደጋግመው ነግረውናል።

በ2014 ዓ.ም. የኬላውን መንገዶች ካርታ፣ የበዓላቱን ዝርዝርና የእያንዳንዱን ሰው የትውልድ ሐረግ የያዘውን «የኬላው መመሪያ» አዘጋጁ። አቶ ቀናው ራሳቸው አራተኛውን መጽሐፍ ሲጽፉ ይህን መመሪያ ከጠረጴዛቸው እንዳላነሡት በመግቢያቸው ላይ መስክረዋል። «እኔ ዓለሙን ሠራሁ፤ ሰው ያስገባችበት ፌኔት ናት» የሚለው ቃል የእርሳቸው ነው። ዛሬ ይህንን ቃላቸውን ማንሣታችን አለምክንያት አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. አራተኛው መጽሐፍ ሲወጣ መርዶውን በስልክ የማርዳት ዘዴ ተጀመረ። የማኅበሩ ጸሐፊ ወ/ሮ መሰለች ለተመረጡ አንባቢያን እየደወሉ፣ እያለቀሱ፣ በመጽሐፉ ላይ የሞተችውን የአንዲት ገጸ ባሕሪ መርዶ ይነግሯቸው ነበር። ሐሳቡ የአቶ ቀናው ነው። ወ/ሪት ፌኔት በዚህ አልተስማሙም፤ በወረቀት ሲሆን ሰው አንብቦ ይስቃል፣ በጆሮው ሲገባ ግን ይደነግጣል ብለው ተቃውመው ነበር። በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። ለድምፅ ብልጫው እጃችንን ያወጣነው ሁላችንም ነን።

በ2016 ዓ.ም. በአምስተኛው መጽሐፍ ላይ የኬላው በር ጠባቂ ዘቢደር ሞተች። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ የነበረች፣ አንባቢ እንደ እህቱ የሚያያት ገጸ ባሕሪ ናት። በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር ወ/ሪት ፌኔት «የዘቢደር ባዶ መቃብር» የተሰኘውን አጃቢ መጽሐፍ አወጡ። በዚህ መጽሐፍ መጨረሻ መቃብሩ ሲከፈት ማንም የለበትም። አንባቢውም ዘቢደር አልሞተችም ብሎ አመነ፤ ዋናውን መጽሐፍ ትቶ አጃቢውን ተከተለ። አቶ ቀናው ስድስተኛውንና የመጨረሻውን መጽሐፍ በዘቢደር ሞት ላይ ሊያቆሙት ጀምረው ነበር።

በመጋቢት ወር መጨረሻ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የተባለው በብዙ ሰው ፊት የተባለ ስለሆነ አንደብቀውም። አቶ ቀናው ተነሥተው «እኔ የገደልኩትን ሰው አንቺ የማስነሣት መብት የለሽም። የጎን ታሪክ ዋናውን አይሽርም» አሉ። ወ/ሪት ፌኔት «አላስነሣኋትም። መቃብሯን ስትቆፍርላት አላየሁህም፤ ስለዚህ ባዶ ነው አልኩ» አሉ። አቶ ቀናው «ሁሌ ለቅሶ፣ ሁሌ ለቅሶ፤ ሰው እንዲያለቅስልሽ ብለሽ አንድ ቀን ራስሽን ትገያለሽ» አሉና ወጥተው ሄዱ። ተናደው ያሉት ነው። ሰው ሲናደድ ብዙ ይላል፤ ማኅበሩ በዚህ ቃል ማንንም አይወቅስም። በግንቦት ወር አቶ ቀናው ሥራ አግኝተው ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለመነጋገራቸው የምናውቀው ነገር የለም። ስድስተኛው መጽሐፍ አልተጻፈም። ወ/ሪት ፌኔትም ከዚያ ወዲህ አንድም የጎን ታሪክ አልጻፉም፤ ለምን ሲባሉ «ዋናው ከሌለ ጎኑ የምኑ ጎን ይሆናል?» ይሉ ነበር።

ወደ ትናንቱ እንመለስ። የሰኞው መግለጫ የተዘጋጀው በተለመደው ወረቀት፣ በተለመደው ጥቁር ክፈፍ፣ በተለመደው ማኅተም ነው። ሌላ ወረቀት አልነበረንም፤ በዚያ ድንጋጤ ውስጥም ልዩነቱ ትዝ አላለንም። እንግዲህ አንባቢ ምን ያድርግ?

አቶ ሰይፈሥላሴ እንኳ ወዲያው አላመኑንም። እድሩ ድንኳን እንዲተክል ሰኞ ማለዳ ስንጠይቃቸው «አንድ ጊዜ ለበቅሎ ነጂ ተክያለሁ፣ ይበቃኛል» ብለው መለሱን። አጥብቀን ስንለምናቸው ተነሥተው ሆስፒታል ሄዱ፤ በዓይናቸው አይተው ሲወጡ ኮፍያቸው በእጃቸው ነበር። ጡሩንባ ነፊውን ራሳቸው ጠርተው አዘዙ። ድንኳኑ የተተከለው እንዲህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወጣት አንባቢያን ጥቁር ለብሰው በቡድን በቡድን ወደ ገላን፣ ወደ ወ/ሮ ዙፋን ቤት መጡ። ድንኳን አለ፣ ንፍሮ አለ፣ እንደ ሁልጊዜው። ንፍሮ ዘግነው፣ በስልካቸው ፎቶ ተነሥተው፣ አንዱ ጮክ ብሎ «መጽሐፉስ የታለ?» አለ። ወ/ሮ ዙፋን በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ሰሙ። ልጆቹን ማንም አልተቆጣቸውም። የወ/ሮ ዙፋንን ፊት ሲያዩ ራሳቸው ገባቸው፤ አንዷ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። እነዚህ ልጆች ዛሬም ከድንኳኑ አልተለዩም፣ እንግዳ እያስተናገዱ ነው። ማኅበሩ ያመሰግናቸዋል።

አቶ ቀናውን በሚመለከት የደረስንበትን ሁሉ በግልጽ እንናገራለን። የሰኞው መግለጫ ደርሷቸዋል። እንደ ድሮው አርመው በቴሌግራም መልሰውልናል። «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» በሚለው ጎን «ሰበቡ ደካማ ነው፣ አንባቢ አያምንም» ብለዋል። ከወ/ሪት ፌኔት የትውልድ ዘመን አጠገብ «ዕድሜዋን አታንሡ፣ ታኮርፋለች» የሚል አለ። ከሥሩም እንዲህ ይላል፦ «እኔ የቀበርኩትን አስነሣች። አሁን ደግሞ እኔን ለማስመጣት ራሷን ገደለች። በሚቀጥለው መጽሐፍ ትነሣለች። ሰላም በሉልኝ።»

ወ/ሮ መሰለች ወዲያው ደወሉላቸው። ማልቀስ ስለቀደማቸው መናገር አልቻሉም። አቶ ቀናውም ሳቅ ብለው «መስዬ፣ የአራተኛው መጽሐፍ ለቅሶሽ ይሻል ነበር» አሉና ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ የማንኛችንንም ጥሪ አይቀበሉም፤ በማያውቁት ቁጥር ስንደውልም ድምፃችንን ገና ሲሰሙ ይዘጉታል። ወ/ሮ ዙፋን ደግሞ መርዶ በስልክ አላረዳም ብለዋል። የድንኳኑን ፎቶ ላክን፤ የድንኳን ፎቶ ከዚህ በፊትም ልከን እናውቃለን። የማኅተም፣ የለቅሶ፣ የጥቁር ልብስ፣ የእድር ጡሩንባ ማስረጃነት ሁሉ በአጃቢ መጻሕፍቱ ሥራ ላይ ውሎ አልቋል። ማኅበራችን ሞትን የሚናገርበት አንድም ያልተነካ መንገድ አላስተረፈም።

ከአባላት መካከል «ካላመነ ይቅር፣ ቀብሩ ይፈጸም» ያሉ አሉ። ትናንት ማምሻውን በተደረገው ስብሰባ ሐሳቡ ቀርቦ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል ወ/ሮ መሰለች «በዚህ ጉዳይ እጅ አላወጣም፣ ከእናንተም ማንም አያወጣም» አሉ፤ ማንም አላወጣም። አቶ ቀናው ጨካኝ ሆነው አይደለም የቀሩት። የሞተች መስላ ልታስመጣቸው የምትችል ጓደኛ እንዳለቻቸው ስለሚያምኑ ነው። ይህ እምነታቸው ደግሞ ወ/ሪት ፌኔት በሰባት ዓመት ሥራቸው ያተረፉት ነው፤ እኛም አግዘናቸዋል። ሐሙስ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እውነቱን ይሰማሉ፤ ያን ጊዜ የሚከፈት በር፣ የሚታይ ፊት አይኖርም። በጉባኤው ላይ የተናገሩት ቃል የመጨረሻ ቃላቸው ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ይህን ልንፈቅድ አንችልም።

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን አጥብቆ ያሳስባል። በድሬዳዋ የምትገኙ አንባቢያን፣ አቶ ቀናው የሚኖሩበትን የምታውቁ ሁሉ፣ ዛሬ፣ አሁን፣ ይህን ስታነቡ ሄዳችሁ በራቸውን አንኳኩ። ጥቁር ለብሳችሁ አትሂዱ፤ ለምርቃት የለበሳችሁት ነው የሚመስላቸው። የሥራ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ ሂዱ። አታልቅሱ። መግለጫውን አታንብቡላቸው። ቢስቁ አትከራከሩ፣ ከደጃፋቸው ግን አትነሡ። ቁጭ በሉ። ለቀልድ የመጣ ሰው እስኪመሽ በሰው ደጅ አይቀመጥም፤ ይህ ሳይገባቸው አይቀርም።

በቴሌግራም «የመጨረሻው አጃቢ መጽሐፍ» በሚል ቅድሚያ ሽያጭ የጀመራችሁ ግለሰቦች በአስቸኳይ እንድታቆሙ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም። ወ/ሪት ፌኔት ያልታተመ ሥራ ትተው ስለመሆኑም ማንም አያውቅም፤ አሁን የዚያ ጊዜ አይደለም። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚም ከዛሬ ጀምሮ ለገጸ ባሕርያት የሀዘን መግለጫ ማውጣት ማቆሙን ያስታውቃል።

ሥርዓተ ቀብራቸው ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ወዳጆቻቸው በተገኙበት በገላን በሠፈሩ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ለወ/ሮ ዙፋን፣ ለፋብሪካው የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ለእድሩ አባላትና በየሚኒባሱ መጽሐፋቸውን ከፍቶ ለተጓዘ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ለሌሎች ሰዎች ያን ያህል ያለቀሱላቸውን የእኚህን ደራሲ ነፍስ እግዚአብሔር በሰላም ያሳርፍልን። ታታሪና ምስጉን ነበሩ ብለን አንጽፍም። ሲስቁ ወንበር ይዘው ይስቁ ነበር፤ የሚፈሩት ደግሞ ሰው ሳይሰናበት መሄድን ነበር።

ይህን መግለጫ ከማውጣታችን በፊት በድንኳኑ ውስጥ ለወ/ሮ ዙፋን አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ረዘመ» አሉን። የእኛን የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ የእኔን ግን እንዳልኩት ጻፉ ብለው ይህን አስጻፉን፦

«ቀናው፣ ዙፋን ነኝ። እኔ እንኳን መጽሐፍ ልጽፍ አንብቤም አላውቅ። ፌኔት ሞታለች። ፊቷን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አልተቀየመችህም፣ እኔም አልተቀየምኩህም። ና፣ ልጄ። ብቻዬን አልችላትም።»